የዘር መዝገብ

እኔ ጸሐፊ ነኝ በአትክልቱ ቦታ፣
ብዕሬ የሚቧጥጥ ከጠዋት እስከ ማታ
«ተልኳል»፣ «ደርሷል»፣ «በመንገድ ሞቷል» ሲል፤
አያቴን ግን ማንም አልመዘገበውም፣ ከሞዛምቢክ ሲነቀል።

ፓምፕልሙስ ይሉታል፣ ሞሪሸስ ደሴት ላይ፣
ዝናብ ባባራ ቁጥር መሬቱ የሚጨስ እንደ ፈላ ሻይ።
ከካልካታ ሣጥን፣ ከሲሎን ከረጢት፣
ከናታልም ፖስታ፣ አንድ እፍኝ አዝርዕት
በየመርከቡ ይገባል። ብድር በምድር ነውና፣
እኛም የቅርንፉድ ፍሬ በከሰል ብናኝ ሸፍነን፣
በዘይት ወረቀት ጠቅልለን፣
እንልካለን ከነደብዳቤው፣ ከነሙሉ ምስጋና።

የምታሽገው ፉልባሲያ ናት፣
አገዳ የሸነተረው እጅ ያላት፤
ከቢሃር በውል የመጣች፣ አምስት ዓመቷን የጨረሰች፣
አገሯ ያልተመለሰች።
አንገቷ ላይ በቆርቆሮ ቁጥር ተንጠልጥሏል፤
የዘሩ ከረጢት ግን ስም አለው፣ ያውም በላቲን ተጽፏል።

አንድ የካቲት፣ አውሎ ነፋስ ጣሪያ ባነሣበት ሳምንት፣
ከካልካታ የመጣው ሣጥን የባሕር ውኃ ገብቶበት
ገማ። ከሠላሳ ጥቅል ሃያ ስምንቱን ቀበርን፣
አንዱን አይጥ ወሰደ፣ አንዱን አተረፍን።
ግራጫ ፍሬ ነው፣ የድመት ጥፍር የሚያክል፤
የስሙ ቀለም ፈሶ ወረቀቱ ላይ ደመና የሚመስል።

ሹሙ ከደጅ ጮኸ፦ «መርከቡ በአሥር ሰዓት ይነሣል!
ለብሪስበን፣ ለናታል፣ ለትሪኒዳድም ይላካል።
ስም ጻፍበት፤ ባዶ ቦታ በመዝገቤ አላይም!»
እኔ ስም ከየት አባቴ ላምጣ? ዘር እቆጥራለሁ እንጂ አላጠምቅም።

«ፉልባሲያ፣ ታውቂዋለሽ?» አልኳት።
አንዷን ፍሬ አንሥታ በጥርሷ ሰበረቻት፤
ዓይኗን ጨፈነች፣ ዋጠቻት።
ቆየች።
«ሙንግሪ» አለች።

ጻፍኩ፦ ሙንግሪ፣ አርባ ፍሬ፣ ለብሪስበን፤
ሃያ ለናታል፤ ደወሉ ሊቀድመን
ሲል፣ አሥራ ሁለት ለትሪኒዳድ፤
የቀረውን ያውቃል መንገድ።

ከአሥር ወር በኋላ መልስ መጣ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩ፦
«ሙንግሪ ደህና ገባች። ከአርባው ሠላሳ አንዱ በቅሏል» አልኩ።
ወንፊቷን አስቀመጠች። «ደግመህ በል» አለችኝ።
ደገምኩ። «እንደገና።» ሦስቴ አስነበበችኝ።
ከናታል፦ «ሙንግሪ ስድስት ሆና ወጣች፤ አራቷን ፍየል በላ»፤
ፊቷ ጠቆረ፣ ዋለች እህል ሳትበላ።
ከትሪኒዳድ፦ «አበበች፤ ቢጫ ናት፤ ልጆች ከሥሯ ይጫወታሉ»፤
«ልጆች?» አለች። «ስንት ይሆናሉ?»

ጎበርዳን ነው የነገረኝ፣ በቅሎ ጠባቂው አዛውንት፣
ከእሷ ጋር ባንድ መርከብ የተሻገረ፣ አረቄ ይዞን አንድ ሌሊት፦
«ይኼማ የአጥር አረም ነው፤ በእኛ ሰፈር ማንም አይተክለውም።
ስሙም ሙንግሪ አይደለም።
ሙንግሪ የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ተቅማጥ ያዛት፤
በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ በጆንያ ጠቅልለን፣ ባሕር ውስጥ ጣልናት።»

ልጅ የወላጅ ስም ያስጠራል ይባላል፤
ይኸውና ተገልብጦ፣ በሦስት አገር የልጅ ስም ይጠራል።

መዝገቤ ቀይ ቀለም አለው፣ የተሳሳተ ስም የሚሰረዝበት።
ጠርሙሱን ከፈትኩ። ብዕሬን ነከርኩበት።
ጫፉ ላይ ደረቀ። ከደንኩት።

በአምስተኛው ዓመት ብሪስበን ጻፈ፣ በቁጣ፦
«ይኼ ከእናንተ የመጣ ምን ዓይነት ጣጣ?
ሙንግሪ የበጎቹን መስክ ይዛለች፣ ወንዝ ተሻግራለች፤
ስንነቅላት ታድራለች፣ ሲነጋ ትነሣለች፤
እናቃጥላታለን፣ ከአመዷ ትወጣለች።
እባካችሁ ከዚህች ዘር ሁለተኛ አትላኩ።»

እየፈራሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብኩላት።
ሳቀች። ጥርሷን ያን ቀን ገና አየሁላት።
«እሷ» አለች፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች፣
«ገና በእቅፌ ሳለች እምቢተኛ ነበረች።»

ወንፊቷን አነሣች። ለጃማይካ የታዘዘ ሄል ነበር፣ ሃምሳ ፍሬ።
ስታሽገው ከመሐሉ አንዲት ግራጫ፣
የድመት ጥፍር የምታክል አየሁ።
«ሄል፣ ሃምሳ» ብዬ ጻፍኩ፤
መዝገቡን ዘጋሁ።